ሁለተኛው ዲስክ

«ኮምፒዩተሩን ለአንድ ቀን ብቻ ልውሰደው፤ የመሥሪያ ቤት ፋይል አለበት» አለ የሟች ባልደረባ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማው ወደ ሚስትየዋ ጆሮ ጠጋ ብሎ።

ባሏ ከመሥሪያ ቤት ደረጃ ወድቆ ከሞተ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ! ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እሱ ግን የሚያየው ወለሉን ነው።

«እዚሁ ትከፍተዋለህ፤ እኔ ቆሜ እያየሁ» አለችው።

ጥርጣሬዋ የዛሬ አልነበረም። ባሏ ካርታ ሠሪ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ እቤት በር ዘግቶ መሥራት አመጣ። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማታል፤ ዝቅ ያለ፣ የማይደክመው ድምፅ። ገፍታ ስትገባ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ከዚያ ያው የምታውቀው ካርታ ይመጣል።

«ማናት?» ብላው ነበር አንድ ቀን።

«ሬዲዮ ነው።»

ሬዲዮው ከተበላሸ ግን ዓመቱ ነው። ነገረ ሥራው ሁሉ አላምር አላት። ኮሪደሩ ላይ ያለችውን በርጩማ እንኳ በየቀኑ እየመታ ይጥላታል። እሷም እልህ ይዟት አንሥታ እዚያው ትመልሳታለች። «ዓይንህን ምን ጋረደው?» ትለዋለች።

ባሏ ይሠራበት ወደነበረው ክፍል ሲገቡ ባልደረባው በሩን ዘጋ፤ አልቦታል።

«ሁለት ዲስክ አለው» አለ። «አንዱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የምታዪው እሱን ነው። ሌላው የብቻው፣ የሚነሣበት ሲስተምም ሌላ ነው። ሲነሣ ይቺን ቁልፍ ካልተጫኑ አይመጣም።»

«ደብቆኝ ነዋ!»

«ያስገባሁለት እኔ ነኝ። እህቴ፣ ይቅርብሽ።»

«ክፈት ብዬሃለሁ!»

ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ፊደሎች መጡ፤ እያንዳንዳቸው ጡጫ ያክላሉ። ያቺው ሴት፣ ያቺው የማትደክመዋ፣ የተጻፈውን ቃል በቃል ታነብ ጀመር። ከማሽኑ በቀር ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም።

«ዓይኑ እየጠፋ ነበር» አለ ባልደረባው። «በዚህ ይለማመድ ነበር። ከታወቀ ከሥራ ያስወጡኛል፣ ሚስቴም ትሰቀቃለች ብሎ አስምሎኛል። ፋይል ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ዲስኩን ነቅዬ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ደረጃውም . . .» አለች።

ስድስት ወር ሙሉ ለሌላ ሴት ያጠራቀመችው ንዴት መውጫ አጣ። በሩን ከፍታ ወጣች። በርጩማዋ እዚያው፣ እሷ በመለሰቻት ቦታ ነበረች። ጎንበስ ብላ አነሣቻት።

«ተያት እንጂ፣ ሰው ይቀመጥባት» አለች አንዲት ጎረቤት።

«መንገድ ላይ ናት» አለችና ግድግዳው ጥግ አስጠጋቻት።