አራት ብልጭታ

«ይህን ሽቦ ማን ነው ያሰረው?» አለ የጋዝ ኩባንያው ሠራተኛ።

ፅጌረዳ ከቤቷ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ በነጠላ ጫማ ቆማለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ዮዲ ወገቧን አቅፋ ተደግፋባታለች። አማቷ እማማ ሮማነወርቅ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው ጣት የምታህል ቢጫ ሽቦ ይዞ መልስ ይጠብቃል።

«አላውቅም» አለችው።

ዋሸች። ሽቦውን ማን እንዳሰረው አሳምራ ታውቃለች። ሲያስሩ ባትሪ ያበራችላቸው እሷ ራሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነው። ኮሪደሩ ላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆመው ፈርነስ፣ ቤቱን በጋዝ እሳት የሚያሞቀው ማሽን፣ ድንገት ጠፋ። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ውስጥ ቀይ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ይልና ያርፋል፤ ደግሞ አራት ጊዜ ብልጭ ይላል። የዲሴምበር ብርድ ሞቃት በምትባለው ሳንሆዜም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ እማማ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። ባሏ አክሊሉ እንደ ልማዱ ጋሽ ተክለጻድቅን ጠራ።

ጋሽ ተክለጻድቅ የማይጠሩበት ቤት የለም። ባልና ሚስቱ አሜሪካ ሲገቡ ኤርፖርት የተቀበሏቸው፣ ለአክሊሉ መኪና መንዳት ያስተማሩት፣ ዮዲንም ትምህርት ቤት ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ድሮ ፒያሳ ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን የአበሻ ቤት የልብስ ማጠቢያውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የመኪናው ሞተርም የእሳቸው ሥራ ነው። ሳንቲም አይቀበሉም። ያን ቀን የፈርነሱን በር ነቅለው ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ በበሩ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። እሳቱን የሚጠብቅ ሰንሰር የሚሉት ነገር ነው የተበላሸው፣ ያለሱም ይሠራል ብለው ሁለቱን የሰንሰር ገመዶች በቢጫ ሽቦ አገናኟቸው። መብራቱ ብልጭታውን ትቶ ቀጥ ብሎ በራ፤ ቤቱም ሞቀ። ፅጌረዳ ምሳ አቀረበችላቸው፤ እማማም ቆመው መረቋቸው።

ራስ ምታቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ እማማን ያዛቸው፤ ቀጥሎ ፅጌረዳን። ጾም ነው ተባለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በማይቀመስበት ቤት የራስ ምታት ማን ይቆጥራል? እሑድ እሑድ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲቆዩ ደግሞ ሕመሙ ጥሎአቸው ይጠፋል። እማማ የመቅደሱ በረከት ነው አሉ። እሷም አሜን አለች። እቤት ሲመለሱ ተመልሶ ሲይዛቸው፣ ይህ ምን ዓይነት በረከት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። አሁን ሣሩ ላይ ቆማ ይህን ስታስብ በገዛ ራሷ ላይ በገነች።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ዮዲ ሁለት እንቁላል በላች። ጥቂት ቆይታ «ማሚ፣ ማይ ሄድ ኸርትስ፣ ራሴን» አለችና የመታጠቢያው ገንዳ ላይ አስመለሰች። ፅጌረዳ ጀርባዋን እያሻሸችላት ሳለ እጇ ቀጥ አለ። ልጅቷ አትጾምም። ወዲያው ፈርነሱን አጠፋች፤ አማቷን ክንዳቸውን ይዛ፣ ልጇን እየጎተተች ወጣች፤ ከቬትናማዊቷ ጎረቤቷ ቤትም ለጋዝ ኩባንያውና ለአክሊሉ ደወለች።

ሠራተኛው መለኪያውን ይዞ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ተለውጦ ነበር። የጭስ መውጫውን ቧንቧ ጣሪያው ላይ የወፍ ጎጆ ደፍኖታል። ሽታ የሌለው መርዛማ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ቤት ገብቷል፤ እሳቱም ከምድጃው አፍ አልፎ ወደ ውጭ ይንበለበል ነበር። ማሽኑ ያን ጊዜ ራሱን ያጠፋው ይህን አውቆ ነው፤ ሽቦው አፉን ዘጋው። ሰውየው ጋዙን ዘጋ፤ ፈርነሱ ላይ እንዳይበራ የሚከለክል ቀይ ወረቀት አንጠለጠለ፤ ሐኪም ቤት ሄደው ደማቸውን እንዲመረመሩ አጥብቆ ነግሯት ሄደ። የበሩን ጀርባ አሳይቷት ስለነበር ፅጌረዳ ወረቀቱን አንብባዋለች። አራት ብልጭታ፦ እሳት ከቦታው ወጥቷል፣ ማሽኑን አጥፉ፣ ባለሙያ ጥሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ተለጥፎ ነበር።

አክሊሉ የኤርፖርት መንገደኞች ጭኖ ኦክላንድ ስለነበረ፣ ሐኪም ቤት እንዲያደርሷቸው የላከው ማንን ይመስላችኋል? ጋሽ ተክለጻድቅን። እዚሁ አጠገብ ካምቤል ስለሚኖሩ በአሥር ደቂቃ ደረሱ። ኮፍያቸውን አውልቀው እማማን ሳሙ፤ ዮዲን ግንባሯን ዳበሱ፤ ከዚያ ፅጌረዳን ወደ ጎን ወሰዷት።

«ተመስገን ነው፣ ተርፋችኋል። ስሜን አነሣሽ እንዴ?»

«አላነሣሁም።»

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ።»

ምርቃቱ አንጀቷን አቃጠላት። ልጇ ከንፈሯ ገርጥቶ ቆማ እሳቸው የሚጨነቁት ለስማቸው ነው። እሷም ብትሆን ለጋዙ ሠራተኛ የዋሸችው ለዚሁ ስም ነው።

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ጋሽ ተክለጻድቅ። አራቴ ብልጭ ሲል አጥፉ ይላል።»

«ወረቀቱማ የካምፓኒ ነው። ለሁሉ ነገር ቴክኒሻን ኮል አድርጉ ነው የሚሉት፤ ሥራቸው ነው።»

«ሌላ የማንን ቤት እንዲህ አሰሩ?»

ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት። «የትርፌን። ባለፈው ሳምንት» አሉ። «የሷ ግን ይለያል። ሦስቴ ነው ብልጭ የሚለው።»

«ሦስቴስ ምን ማለት ነው?»

አያውቁም። አራቱንም አያውቁትም ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ ትርፌ ኦክላንድ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ ነው የምትኖረው። ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። አራስ ናት፤ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ተጎዝጉዞ፣ ፈርነሱ ቀኑን ሙሉ እየነደደ ከነልጇ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ራስ ምታቱ የሚለቃት ዓይነት እንኳ አይደለችም፤ ልጁ አርባ ቀን ሳይሞላው ከበር አትወጣም።

ጋሽ ተክለጻድቅ ዓይኗን አይተው ገባቸው። «እናንተን ሐኪም ቤት አድርሼ ራሴ እሄዳለሁ፤ ፈትቼ እመጣለሁ። በስልክ አታስደንግጫት። አራስና ጨቅላ በዚህ ብርድ ይወጣሉ?»

ደግ ሰው ናቸው። ይህን ፅጌረዳ አትክድም፤ ይልቁንም ይበልጥ ያናደዳት እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ አታምናቸውም ነበርና ያን ቀን በሩ ጀርባ ምን እንደተጻፈ ታነብ ነበር። መልስ ሳትሰጣቸው ወደ ጎረቤቷ በረንዳ ወጣች፤ ስልኩን በመስኮት ተቀብላ ደወለች። እሳቸውም ተከትለዋት መጥተው ደረጃው ሥር ቆሙ።

ትርፌ ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሣች። ድምጿ ከሩቅ ይመጣል።

«ደህና ነሽ? ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ። ከምጡ ነው መሰለኝ። ደከመኝ ብቻ።»

«ልጁስ?»

«ልጁማ ምን የመሰለ ልጅ ሆነ መሰለሽ። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ለጡት እንኳ አይነቃም። ማልቀስ የሚባል አያውቅም።»

ፅጌረዳ የበረንዳውን ብረት ያዘች። «ስሚኝ። ልጁን አቅፈሽ አሁኑኑ ከቤት ውጪ። ምንም ለማንሣት አትቆዪ። ጎረቤት ሄደሽ 911 ደውይ።»

«እኔ አራሷ? በዚህ ብርድ?»

«አዎ፣ በዚህ ብርድ። ፈርነሱ እየመረዛችሁ ነው።»

«ኧረ አይሆንም፣ ፈርነሱንማ ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው የሠሩት።»

ሽማግሌው ደረጃው ሥር ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሽቅብ ያዩአታል። ለጋዙ ሠራተኛ እንዳለችው፣ ስለዚያ አላውቅም ብላ ስማቸውን ልትሸፍን ትችል ነበር።

«እሳቸው ስለሠሩት ነው የደወልኩልሽ» አለች ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ። «ውጪ።»