የሰማያዊው ብስክሌት ባትሪ

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድሟን ወደ ኮረብታዎቹ ይዛው የወጣችው በራሷ ሐሳብ ነው። ወንድሟ ቤት ቀቢ ነበር። ከመሰላል ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ከቤት አይወጣም፤ ሐኪሙ ድነሃል ቢለውም እግሩን አላመነውም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተከራይተን ገጠሩን እንየው፣ ሞተሩ ያግዝሃል ብላ ስንት ለምናው እሺ አሰኘችው።

አከራዩ ሁለት ብስክሌት፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ፣ አወጣላቸው። ወንድሟ ሄልሜት ሲለካ ሰውየው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ የሰማያዊው ባትሪ ስላረጀ ዳገት ላይ ሊከዳ እንደሚችል፣ ቀለል ያለው ሰው ቢይዘው እንደሚሻል ነገራት። ቀለል የምትለው እሷ ናት። እሺ አለችው፤ እጇ ግን ቀዩን ያዘ። ልጅ ሳሉ ሁሌ ጥሏት እየሄደ አቧራ ያስቅማት ነበርና፣ ዛሬ እንኳ ልቅደመው አለች በሆዷ።

የመጀመሪያውን ኮረብታ ጎን ለጎን እየተሳሳቁ ወጡት። ሁለተኛው ላይ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ቀጣዩ ላይ ጭራሽ ጠፋት። እሷ ጫፍ ደርሳ ማሳውንና ከማዶ የሚታየውን ወንዝ በደስታ ስታይ ቆይታ ዞር ብትል፣ ያንን ከባድ ብረት እየገፋ፣ እያነከሰ ሲመጣ አየችው።

ደርሶ ሣሩ ላይ ዘፍ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«በቃኝ፣ እታለም» አላት እግሩን እያሻሸ። «በሞተር ዳገት ያልወጣ እግር መሰላል አይወጣም። አለቃዬን ሌላ ሰው ፈልግ እለዋለሁ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ እግርህ አይደለም። ባትሪው ነው። ሰውየው ነግሮኝ ነበር፤ እያወቅኩ ነው የሰጠሁህ።»

ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት። ስድብ ጠበቀች። እሱ ግን የመጣበትን መንገድ ቁልቁል ሲያይ ቆየና፣

«ታዲያ ይሄን ሁሉ የወጣሁት በገዛ እግሬ ነዋ» አለ።

ተነሥቶ ቁጭ ብድግ እያለ እግሩን ሞከረ። ሲመለሱ ቀዩን ሰጠችው፤ እያፏጨ ቁልቁለቱን ተያያዘው። እሷ ዳገት በመጣ ቁጥር ሰማያዊውን እየገፋች፣ ምነው በተቆጣኝ እያለች ተከተለችው።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ውሏቸውን ጠየቀች። ሰኞ ሥራ እንደሚገባ አበሠራት። ስለ ባትሪው ግን ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ በደስታ እየተፍለቀለቀች፣ ልብስ ሰፊዋን አቅፋ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ እያለች ስትመርቃት፣ እሷ የምትገባበት ጠፋት።