ባለ ቀይ ቀሚሷ ካሴት

በደርግ ዘመን ነቀምቴ አውቶቡስ ተራ አጠገብ የነበረው የወልደሩፋኤል ሙዚቃ ቤት ትዝ ባላት ቁጥር መምህርት በቀለች ዛሬም ፈገግ ትላለች። መጀመሪያ የገባችው ዘፈን ፈልጋ አልነበረም፤ ቴፗ ካሴት እየበላ ቢያስቸግራት ልታሠራው ነው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኗ በደርግ እስኪታሸግ ድረስ በኳየር ስትዘምር የኖረች ሴት ናት፤ ዓለማዊ ዘፈን አጠገብ አትደርስም።

ወልደሩፋኤል ቴፑን ጠግኖ ለሙከራ አንድ ካሴት ከተተበት።

«ጋሽ ወልደሩፋኤል፣ እኔኮ ዘፈን አልሰማም።»

«አዴ በቀለች፣ ይሄ ቃል እንኳ የለውም። ሳክስፎን ብቻ ነው። ሳክስፎን ምን ኃጢአት ሠራ?»

እስኪያልቅ ቆማ ሰማችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ማለት ለመደች። ሰውየው ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከተመ ነጋዴ ነው፤ ለሰው ዘፈን ሲመርጥ ግን መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ይመስላል። «ተማሪዎችሽ ሲያናድዱሽ ይሄን» ብሎ የሱዳን ዑድ የተቀዳበት ካሴት ያውሳታል። ዝናብ ሲይዛት ክራር ብቻውን የሚያንጎራጉርበትን የድሮ ሸክላ ያሰማታል። የጃማይካዎቹን ሬጌ ሲሰጣት ግንባሯን ቋጠረች። «እነሱም እንዳንቺው ስለ ጽዮን ነው የሚዘፍኑት» ሲላት ግን ሳቋ አመለጣት።

አንድ ቅዳሜ «አንቺስ ለኔ ምን ትመርጪልኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

በሳምንቱ ከዘንቢሏ ውስጥ፣ ከጎመኑ ሥር አንድ ካሴት አወጣች። ኳየሩ ሳይበተን በኦሮምኛ የዘመረው ነው፤ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ወልደሩፋኤል በሩን ገርበብ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ አዳመጠ። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ መዝሙሩን አያውቀውም።

«ያንቺ ድምፅ የቱ ነው?» አላት። ስትነግረው ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰና ደግሞ ሰማው። «ይሄማ ጎመን ሥር መኖር የለበትም።»

አባዝቶ ገለበጠውና አንዲት ባለ ቀይ ቀሚስ የመሸታ ቤት ዘፋኝ እስክስታ በምትወርድበት ሽፋን ከተተው። ወሬው በአማኞቹ ዘንድ በሹክሹክታ ተዳረሰ። ጠጅ ቀምሰው የማያውቁት ሽማግሌ፣ ኦቦ ባቻ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ያቺን… ባለ ቀይ ቀሚሷን» ሲሉ በቀለች ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንድ ቀን ግን የቀበሌው ካድሬ ነመራ ለበዓል ጭፈራ ያችኑ ዘፋኝ ፈልጎ መጣ። ወልደሩፋኤል አልነበረም። ሚስቱ ሙሉነሽ ነገሩን ስለማታውቅ ባለ ቀይ ቀሚስ ሽፋን ካላቸው እጇ የገባውን አንስታ ሰጠችው።

በቀለች ይህን ከሰማች ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ስትበረግግ ሰነበተች።

ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ እያለች ነመራ ገባ።

«ካሴቱ እንደ ሽፋኑ አይደለም» አለ።

ወልደሩፋኤል እጁን ዘረጋ። «ስሕተት ነው ጌታዬ፤ ወዲህ በለው፣ እቀይርልሃለሁ።»

«እናቴ አልሰጥም አለች።» ነመራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሟቹ ወንድሟ አለበት። ከሞተ ወዲህ ድምፁን ሰምታው አታውቅም ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ለጭፈራው ትክክለኛዋን ስጠኝ።»

ተቀብሎ ወጣ።

በቀለች በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «አዱኛ ነው» አለች። «ወፍራሙን ድምፅ፣ ባስ ነበር የሚዘምረው። ልምምድ ሁልጊዜ እያረፈደ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ መዝሙሩን ከመሃል ይቀበለን ነበር።»

ወልደሩፋኤል ደንበኛ እየጠበቀው ሌላ በርጩማ ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስቲ ስለሱ አጫውቺኝ» አላት።