የኪያ ድምፅ

«በይ ልጄ፣ ፍራሹን አንሺው» አሉ እትዬ መሰለች በሩ ላይ እንደቆሙ። «ለጨቅላ ለቅሶ አይቀመጡም። እግዜር ሌላ ይተካል።»

ሲፈን መሬት ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ንቅንቅ አላለችም። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንቡ ነው። ክርስትና ላልተነሣች ሕፃን እድሩ ድንኳን አይጥልም፣ ሴቱም ነጠላውን አያዘቀዝቅም። የመጣው ሁሉ «ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው» ይልና ሻዩን ቀምሶ ይሄዳል። ሲፈን ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጇ እንደ ሰው እንዲለቀስላት።

እትዬ መሰለች ወደ ባሏ ወደ ኢፋ ጠጋ ብለው ሹክ አሉት። «ድምጿን እንኳ ሳታሰማ ለሄደች ልጅ እንዲህ ትሁን?»

ሲፈን ሰማቻቸው።

ድምጿን ሰምታዋለች እኮ! ልጇ ኪያ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ፣ በአፏ ቱቦ ገብቶላት መሣሪያ ሲያስተነፍሳት፣ አንድ ቀን እንደ ድመት ግልገል ሲጥ አለች። ሲፈን በደስታ ነርሷን ሶሲን ጠራቻት። የሶሲ ፊት ግን ተለዋወጠ።

«ቱቦው ቀጥኖባታል። አየሩ ሳንባዋ ሳይደርስ በጎን እያመለጠ ነው።»

የልጅቷን አንገት አቃናች፤ ሐኪሙም ወፈር ባለ ቱቦ ቀየረላት። ድምፁ ጠፋ። ሁሉም እፎይ ሲል ሲፈን ብቻ ድምፁን ናፈቀች። ያልደረሰው ሳንባ ግን ያም ሁሉ ተደርጎለት አልቻለም።

በሩ ተንኳኳ። ሶሲ ነበረች፤ ከሥራ ወጥታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ሲፈንን አቀፈቻት።

«ሶሲዬ» አለች ሲፈን ስትፈራው የከረመችውን ጥያቄ፣ «ያ ድምፅ... የቱቦው ነበር ወይስ የሷ?»

«የሷ ነዋ! ያመለጠው አየር የወጣው በጉሮሮዋ ነው። ቱቦው አፍኗት እንጂ ስታለቅስ ነበር። እኔም ሰምቻታለሁ።»

ሲፈን ያኔ እሪ አለች። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም።

እትዬ መሰለች ወደ ኢፋ ዞር አሉ። «ስሟ ማን ነበር?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ኪያ» አለ ኢፋ።

እትዬ መሰለች ጫማቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን አውርደው አዘቀዘቁትና ከፍራሹ ጫፍ ቁጭ አሉ።