የመርከቡ ብረት

ቢላው ታጠፈ። አልተሰበረም፣ ድምፅም አላሰማም፤ በሞርሳው መንጋጋ ተይዞ ትንሽ ገፋ ሲደረግ ጎንበስ አለና እዚያው ቀረ።

«ሰገደልኝ» አለ ቢላ ሠሪው።

«ሰው አክባሪ ብረት ነው» አለች ሚስቱ፣ የምትቀርጸውን የእጀታ እንጨት ከጭኗ ላይ እያወረደች።

«ቆይ፣ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ሞቋል።»

«ሦስቴ ነከርከው። መጀመሪያ ቀዝቅዟል አልክ፣ ቀጥሎ አርጅቷል አልክ፣ አሁን ደግሞ ሞቋል። ለመሆኑ ይሄ ዘይት ስንት ጸባይ ነው ያለው?»

ቢላ ሠሪውን የሰፈሩ ሰው «ጨምርበት» ይለዋል። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ እውነቱ ሁልጊዜ ስለሚያጥርበት ትንሽ ይቀጥልበታል እንጂ። አንድ ጊዜ «የኔን ቢላ ሽንኩርት ገና ሲያየው ለሁለት ይከፈላል» ብሎ ለጎረቤት ሸጠ። ጎረቤቲቱ በማግስቱ ተናዳ ስትመጣ፣ «ሽንኩርቱ ዓይኑን ያመው ይሆናል» ብሎ መለሳት። እሷም ስቃ ሄደች።

ይህን ብረት ከሳምንት በፊት ያገኘው አሮጌ ብረት እየዞረ ከሚሰበስበው ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ ነው። እንደ ደጋን የጎበጠ፣ መሃሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ ያለው፣ ዝገት የበላው፤ ያየው ሁሉ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው የሚለው። ከመኪናው ሥር ጭነቱን የሚሸከመው ይህ ብረት ደግሞ ለቢላ ጥሩነቱ የታወቀ ነው። ጠዋት የመኪና የነበረው ብረት ግን ምሳ ሰዓት ላይ የባቡር ሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ባሕር ውስጥ ገባ። «ከሰመጠ መርከብ የወጣ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ጨው ጠጥቷል!» ይህንኑ ለሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ነገራቸው። እሳቸውም፣ «እንግዲያው ከሱ አንድ ቢላ ሥራልኝ፤ ስለቱ ከያዘ አርባ አዝዝሃለሁ» አሉት።

ቢላውን የሚያዩበት ቀን ዛሬ ነው፤ የሚመጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሥራው ካልተገኘ ቢላ ሠሪው መዶሻውን ሰቅሎ ከሚስቱ ወንድም ከበያጁ ጋር በር ሊበይድ ቃል ገብቷል። ሥራ አይፈራም። የሚፈራው ጩኸቱን ነው፤ የብየዳ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢወራ የሚሰማ የለም።

ሚስቱ ከደጋኑ የተረፈውን ቁራጭ አነሳች፣ መነጽሯን አጠለቀችና ግራይንደሩ ላይ አስጠጋችው። ብልጭታው ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ መላጣ ሆኖ ወጣ።

«ተመልከት። ደህና ብረት ቢሆን ብልጭታው ጫፉ ላይ ይፈነዳል፣ እንደ ቁጥቋጦ ይበታተናል። ይሄ እንደ ጭድ ሄዶ ይጠፋል። ይሄ የበር ብረት ነው።»

«ጉብጠቱስ? ቀዳዳውስ?»

«መጉበጥና መበሳት ማንን አቅቶት! እዚህ ቤት ያልተፈተነ ብረት እሳት አይነካም ተባብለን አልነበር? ለምን ሳታስፈነጥረው አጋልከው?»

ቢላ ሠሪው አንገቱን አከከ። «መርከብ ይጫራል እንዴ? ሳሳሁለት።»

ከደጅ ሳቅ ተሰማ። በያጁ የብየዳ ጭምብሉን አናቱ ላይ ሰቅሎ፣ በሩን ተደግፎ እንባውን ይጠርጋል።

«ዝገቱ ግን አላማረም?» አለ። «በጨውና በኮምጣጤ አምስት ቀን ዘፍዝፌዋለሁ! የቆራሌው ጆንያ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ።»

«አንተ!» አለች እህቱ።

«እሱ አይደለም ‘የበያጁ በር ባለቤቱ ሲያስነጥስ ራሱ ይከፈታል’ ብሎ ያስወራብኝ? ሁለት ሰው እኮ መጥቶ በሬ ላይ አስነጠሰ! አንደኛው ጉንፋን እስኪይዘው ነው የታገለው።»

«ይሄ እኮ የሆስፒታሉ ቢላ ነው!» አለ ቢላ ሠሪው።

የበያጁ ሳቅ እንደ ተቆረጠ መብራት ጠፋ። «እኔ ምን አውቄ? የመጀመሪያዋን ብልጭታ ስታይ ትነቃለህ ብዬ ነዋ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳትፈትነው ታወራለህ ብዬ በምን ልገምት?»

ቢላ ሠሪው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል።

የብረቱን ክምር ገለበጡት። በያጁ ይሸከማል፣ ሚስት ታስፈነጥራለች፣ ቢላ ሠሪው ይፈርዳል። ፌሮ መጣ፤ እንደ ጭድ። ወደዚያ። ወፍራም የምድጃ ክዳን ስባሪ መጣ፤ ብልጭታው አጭር፣ የደፈረሰ ቀይ። «ይሄ መዶሻ ሲያይ ይሰባበራል» ተባለ፤ ወደዚያ። የሚያብረቀርቅ ቱቦ መጣ፤ ማብረቅረቁን ውጭ ጨርሶታል፣ ውስጡ ምንም የለም። ከሥር፣ ጭቃ የላሰ፣ ክንድ የማይሞላ ስባሪ ወጣ። ጉብጠቱ እንኳ የማያስታውቅ፣ አስቀያሚ ነገር። ግራይንደሩን ነካ ሲያደርገው ብልጭታው ጫፍ ጫፉ ላይ እየፈነዳ ሚስትየዋን እስከ ክርኗ አለበሳት።

«ባሌስትራ!» አለ በያጁ። «እውነተኛው!»

«ቀስ» አለች። «ተሰብሮ የተጣለ ነው፤ ሌላም ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።»

ባሏ በሞረድ እያጠራ ዙሪያውን አየ፤ ከስባሪው ጫፍ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አገኘና እዚያ ድረስ ቆርጦ ጣለው። ከቀረው ጣት የምታህል ቁራጭ አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረ። ሞረድ ሲያሳርፍባት ሞረዱ ሳይነክስ ተንሸራተተ፤ ጠንክራለች። በመዶሻ መታት፤ ቀጭ ብላ ተሰበረች። የተሰበረው ፊቷ እንደ አመድ የላመ ነበር።

«እንደ ስኳር የሻከረ ቢሆን አቃጥዬዋለሁ ማለት ነበር፤ ይሄ ደህና ነው» አለ፣ ለራሱ። ምንም አልጨመረበትም። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው።

ከዚያ በኋላ መዶሻው ብቻ አወራ። ቀጠቀጠ፣ ሳለ፣ ነከረ፤ እንዳይሰባበር ቀለሙ እንደ ገለባ ቢጫ እስኪል መልሶ በለስላሳ እሳት አሞቀው። እጀታው የመጨረሻ ምስማሩን ሲያገኝ አሥር ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው።

ወጥ ቤት ኃላፊዋ ዱባ ታቅፈው ገቡ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ቢላውን ተቀብለው ዱባውን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት አደረጉት። የቢላውን ጫፍ ሞርሳ ውስጥ አስይዘው ጎትተው ለቀቁት፤ ተመልሶ ቀጥ አለ። ከኪሳቸው አንድ ቲማቲም አውጥተው ልጣጩን ሳያደሙ ገፈፉና ፈገግ አሉ።

«የመርከቡ ነው አይደል?»

በያጁ መሬት መሬት አየ። ቢላ ሠሪው አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ ካፒቴኑ ቆሟል፣ መልህቁ ተንጠልጥሏል፣ አንድ ዓሣ ነባሪም ብቅ ብሏል።

«አይደለም፣ እትዬ» አለ። «የጭነት መኪና ባሌስትራ ስባሪ ነው። የማን መኪና እንደሆነም አላውቅም። የመርከቡ ይኸውልዎት» ብሎ የታጠፈውን ቢላ አስጨበጣቸው።

ኃላፊዋ የታጠፈውን አገላብጠው አዩና ተቆጡ። «እኔ እኮ ለወጥ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ አውርቻለሁ!»

«ስንት ዓመት ጨው ጠጣ አሏቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ዘጠኝ ነበር እኮ የነገርኩዎት!»

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቱ ናት፤ ኃላፊዋ ለመቆጣት ሞክረው አልሆነላቸውም። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ጣታቸውን አነሱ። «አርባው ሁሉ እንደዚህኛው እንደሚሆን በምን አምናለሁ? ባንተ ወሬ?»

ቢላ ሠሪው የሚስቱን መነጽር ተቀብሎ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ለኃላፊዋ ዘረጋላቸው። ከዚያ ግራይንደሩን አስነሳና ከክምሩ ፊት ዘወር አለላቸው።

«የመጀመሪያውን ብረት እርስዎ ይምረጡና ያስፈንጥሩት።»