የታላቅ ወንድም ደም

ልብስ ሰፊው የሄፓታይተስ ቢ ክኒኑን ካቆመ አራት ወሩ ነው። ተሻለኝ ብሎ ነው፤ ሰው ሲሻለው ይጠግባል። የምርመራው ቀን ሲደርስ ግን የሐኪሟ ቁጣ ታወሰው። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የጭነት መኪና ሹፌር የሆነውን ታላቅ ወንድሙን በእሱ ካርድ ደም እንዲሰጥለት ለመነው። «የደም ማነስ ምርመራ ነው፣ መርፌ ደግሞ እፈራለሁ» አለው። ሹፌሩ ጉንፋን እንኳ ደጁን የማይረግጠው ሰው ነው፤ መልካቸውም እንደ መንታ ነው። «እንዲህ ያለ ፈሪ ከየት ተወለደብን?» እያለ ሄዶ ክንዱን ሰጠ።

በሳምንቱ ውጤቱን ሊሰሙ አብረው መጡ። ሹፌሩ ውጭ ወንበር ላይ ቀረ፤ ልብስ ሰፊው ደረቱን ነፍቶ ገባ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው።

«ባለፈው ቫይረሱ ደምህ ውስጥ አልታየም ነበር። አሁን ከሃያ ሚሊዮን በላይ ነው። የጉበት ምርመራህም ከልኩ አምስት እጥፍ ወጥቷል። ጉበትህ እየተጎዳ ነው።»

«ስህተት ቢሆንስ፣ ዶክተር?»

«ደግመን ሠርተነዋል። ለመሆኑ ወንድምህ በእርግጥ ተመርምሯል? ከእናት ሊተላለፍ ስለሚችል አምጣው ካልኩህ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ነጻ ነው ነበር ያልከኝ።»

ብሏል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ለወንድሙ ትንፍሽ ሳይል፣ ለእሷ ዋሽቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይሄ ደግሞ የራሱን ሲደብቅ የወንድሙንም ደበቀ! አሁንም ዝም ብሎ ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። ከበሩ ማዶ ሹፌሩ ከዘበኛው ጋር ሲቀልድ ይሰማል። ልብስ ሰፊው እንደ ምንም ተነስቶ በሩን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ና ግባ።» ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ደሙ የእሱ ነው።»

ሐኪሟ ሹፌሩን አስቀምጣ ሁሉንም አስረዳችው፤ ቫይረሱ ሳያሳምም ለዓመታት ጉበት እንደሚጎዳ፣ ከባል ወደ ሚስት፣ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚሄድ፣ መድኃኒትም እንዳለው። ሹፌሩ ሰምቶ ሲጨርስ ወንድሙን አየው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሚስቴ ስትወልድም?»

«ያኔም፣ ጋሼ።»

«ልጁ ስንት ጊዜው ነው?» አለች ሐኪሟ ብዕሯን አንስታ።

«ሴት ናት» አለ ሹፌሩ። «ሰባት ወሯ ነው።»