ያስተካከለው እና ያረጋገጠው

ላፕቶፑን ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ተቋረጠ። ባሏን ከቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጥቁር እንደለበሰች መነጽሯን አድርጋ፣ የቻርጀሩን ጫፍ ይዛ ሶኬት ፍለጋ ስትንጎዳጎድ ሊያጽናናት የመጣው ሰው ሁሉ ሻዩን በእጁ እንደያዘ ያያት ጀመር።

"ምን ልታደርጊ ነው አንቺ?" አሏት የባሏ ታላቅ እህት። ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥግ ላይ ያለውን ሰፊ ወንበር ይዘው ማን እንዳለቀሰና ማን እንዳላለቀሰ ሲከታተሉ ነው የሰነበቱት።

"ኢሜይል ልልክ ነው እትዬ።"

"ኢሜይል" አሉ እትዬ፣ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ጎረቤት ዘወር ብለው። ሹክ ማለታቸው ነው፤ ግን የእሳቸው ሹክሹክታ ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም። "እንባ እንኳ አልወጣትም እኮ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር።"

እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። እንባ እንዳልወጣት እሷም ታውቃለች። ግን ለዚያ ጊዜ የላትም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መሄድ ያለበት ነገር አለ።

ባሏ ሠላሳ አራት ዓመት የስልክ መስመር ቴክኒሻን ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ለቤት ሰው የሚሆን መመሪያ እንዲጽፍ ጠየቀው፤ ዋይፋይ እምቢ ሲል፣ ኢሜይል አልሄድ ሲል፣ ሰው ባለሙያ ሳይጠራ ራሱ እንዲያስተካክል። አርባ ገጽ ነው። ለመጨረሻ እርማት ሲላክለት ታሞ ተኝቶ ነበር፤ እሷ አጠገቡ ሆና እያነበበችለት ገጽ አሥራ አራት ላይ ሲደርሱ ደግፊኝ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ ሲተይበው የሁለት መስመር ቦታ አቀያይሯል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ክዳን ፈትታችሁ አቧራውን ጥረጉ ይላል፤ ከግድግዳው ንቀሉት የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

"ይሄን ያነበበ ሰው እጁን ቢከትስ?" አላት። "ስሜ ላዩ ላይ ተጽፎ ሰው ልገድል ነው እኮ።"

ያን ዕለት እሱ እየተናገረ እሷ እየተየበች ሠላሳ አንድ እርማት አስገቡ። ሲጨርሱ ሊልኩት ነበር፤ እሱ ግን ነገ ጠዋት በንጹሕ ዓይን አንዴ ልየው አለ። በማግስቱ ጠዋት አልነቃም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የቀጠረው ለዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ካልደረሳቸው የሚያትሙት እጃቸው ላይ ያለውን፣ ስህተቱን ነው።

ላፕቶፑ ቻርጀር ሲያገኝ ነፍስ ዘራ። ዋይፋዩ ግን የለም።

ልጇ ይህን ጊዜ ከኩሽና ወጣ። ባንክ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነው፤ ኮምፒውተር ሲበላሽበት ስልክ አንሥቶ ኑልኝ የሚል ሰው። "እማዬ፣ ተይ ድካሙን፣ እኔ ልየው" ብሎ ተቀመጠና አጠፋው፣ አበራው። እንደገና አጠፋው፣ አበራው። ቀና አድርጎ በግራም በቀኝም አየው።

"ኔትወርኩ ነው" አለ።

"ኔትወርኩ ምን ሆነ?"

"ኔትወርክ ነዋ። ይጠፋል።"

ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። ልክ እንዲህ ነበር እሷም የምትለው፣ የዛሬ ሰባት ዓመት።

ላፕቶፑን ባሏ ያገለገለ ነው የገዛላት፣ የልብስ ስፌት ደንበኞቿ ልካቸውንና የሚፈልጉትን ቅድ በኢሜይል እንዲልኩላት። ገና በሁለተኛው ሳምንት እምቢ አላትና "ና እስቲ፣ ይሄ ነገር ሞተ" ብላ ጠራችው። እሱም በርጩማውን ይዞ መጥቶ ከኋላዋ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

"ምነው? አትነካውም?"

"ላፕቶፑ የማን ነው?"

"ቴክኒሻኑ ማን ነው?"

"የስፌት መኪናሽ ክር ሲበጥስብሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"መርፌውን አያለሁ። ከዚያ የላዩን ክር፣ ከዚያ የታቹን።"

"ጨርቁን አውጥተሽ አትጥይም?"

"ጨርቁ ምን አጠፋ?"

"በቃ፣ ይሄም ያው ነው። ከመርፌው ጀምሪ።"

አንድ ሰዓት ሙሉ አለፋት። እሱ ከኋላዋ ሆኖ "እሺ" እና "ከዚያስ?" ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እንደዚያ ተናድዳ አታውቅም፤ ራት እንኳ ሳታናግረው አቅርባ ሄዳ ተኛች። ሲስተካከልላት ግን እጆቹን ከኋላው አውጥቶ ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ አሳይቷታል፤ አየሽ፣ አልነካሁትም ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ባስተካከለች ቁጥር እነዚያን ባዶ መዳፎች ሳታይ ቀርታ አታውቅም። ሰፈሩ ውስጥ ዋይፋይ እምቢ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የቴክኒሻኑን በር ነበር፤ እሱ ደግሞ "እሷን ጥሩ" ብሎ ጋዜጣውን ይቀጥላል፣ አፉን ሞልቶ፣ በኩራት።

"ተነሥ" አለችው ልጇን። "ከመርፌው እንጀምር።"

መርፌው ራውተሩ ነው። መደርደሪያው ላይ ነው፤ አንድም መብራት አይበራበትም። ገመዱን በእጇ እየተከተለች ወረደች፣ ከሶፋው ጀርባ ዞረች፣ ገመዱም ዞሮ ዞሮ የእትዬ ወንበር ሥር ገባ።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

"ደግሞ እኔ ምን አደረግሁ?" አሉ እትዬ፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ።

ማከፋፈያው እዚያ ነው። ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን የሻይ ውሃ ማፍያው፣ ሌላውን የአንድ ለቀስተኛ ስልክ ይዞታል። ለለቀስተኛው ወንበር ሲደረደር የራውተሩም የላፕቶፑም ገመድ ያኔ ተነቅለዋል። ውሃ ማፍያውን ነቅላ ራውተሩን ሰካችው፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ፤ ላፕቶፑም ዋይፋዩን አገኘ። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆኗል።

ኢሜይሉን ከፈተች። "አስተማማኝ ግንኙነት መፍጠር አልተቻለም" አላት። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ልጇ ፓስወርዱን እንደገና አስገባ። ከራሱ ስልክ ኢንተርኔት አጋርቶም ሞከረ። በስልኩ ሁሉም ነገር ይከፈታል፤ በላፕቶፑ ኢሜይሉ አሁንም አሻፈረኝ አለ።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር አርጅቷል። ፋይሉን በፍላሽ ስጪኝና ዋናው መንገድ ላይ ካለው ኢንተርኔት ቤት ልላከው።"

"ሂዶ መላክ አያቅትህም፣ አውቃለሁ" አለችው። "ግን የአባትህ ሥራ ነው። ዋይፋይ እንዲህ አስተካክሉ ብሎ የጻፈ ሰው ቤት፣ መጽሐፉን መላክ አቅቷቸው ለሰው ሰጡት አይባልም። ሩብ ሰዓት ስጠኝ። ካልሆነልኝ ፍላሹን ይዘህ ትሮጣለህ።"

"እኔስ ምን ላድርግ?"

"ከኋላዬ ቁም። እጅህን ወደ ኋላ አድርግ።"

ልጅየው ያን የአባቱን አቋቋም ያውቀዋል፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ከኋላዋ ቆመና እጆቹን አጣመረ።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ረጅም ሽማግሌ ይህን ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገ። የባሏ የሥራ ጓደኛ ነው፤ በቁመቱ የተነሣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ መሰላል ነበር የሚለው። ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ።

"እኛ ጋ መዝገብ ነበር። ብልሽቱ ይጻፋል፣ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ከዚያ ያስተካከለው ይፈርማል፣ ከሥሩ ደግሞ ያረጋገጠው። አንድ ክረምት ዋናው መስመር ተቆርጦ እሱ ብቻውን ወጥቶ ቀጠለው። አለቃችን በሬዲዮ፣ 'ሁለቱም ቦታ ላይ አንተው ፈርምና ግባ፣ ማን ያያል' አለው። 'የራሴን ሥራ እኔ አላረጋግጥም' ብሎ እርፍ። እኔን በዚያ ዝናብ ሁለት ሰዓት በእግር አስኬዱኝ። ስደርስ ምሰሶው ሥር ቆሞ ርሶ ይጠብቀኛል። እንዴት እንደሰደብኩት አትጠይቁኝ።"

"እሱስ ምን አለ?" አሉ እትዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ለስልሶ።

"'ስድቡን ጨርስና ውጣ፣ እየው' አለኛ። ወጥቼ አየሁት። እጅ የሚያስቆርጥ ሥራ ነበር። ፈረምኩ። እስከ ዛሬ የዚያን ያህል ኮርቼ የፈረምኩት ነገር የለም።"

እሷ ታሪኩን ከዚህ በፊት ሰምታዋለች፤ ከባሏ አፍ ግን ስድቡ ብቻ ነበር የሚወራው። ዓይኗን ከላፕቶፑ አላነሣችም። ጨርቅ ስትመረምር እንደምታደርገው ከአንዱ ጫፍ ጀምራ እየሄደች ነው፤ ከላይ ግራ፣ ከላይ ቀኝ፣ መሃሉ፣ ከታች ግራ። ከታች ቀኝ ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ቀኑ የዛሬ አልነበረም። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው የሚለው።

ያኔ ገባት። ላፕቶፑ ውስጥ ሰዓቱን የምትይዝ ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷ ሞታለች። ባሏ ሁለት ዓመት ሙሉ "ከቻርጀር አትንቀሉት" እያለ የሚነዘንዛቸው ለዚህ ኖሯል፤ እነሱ የሽማግሌ ጭቅጭቅ አድርገውት ነበር። ተነቅሎ ሲሰነብት ዋናው ባትሪ አለቀ፣ ሰዓቱም ተመልሶ ወደ ተሠራበት ዘመን ሄደ። መመሪያው ላይ ገጽ ሃያ ሁለት ነው፣ ራሷ ናት የተየበችው፤ ሁለት ማሽኖች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚመሳከሩት ቀን ነው፣ ቀኑ ካልገጠመ በሩን አይከፍቱም።

ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እሷ ግን ቀኑን ደግማ አነበበችው። በዚህች ላፕቶፕ ቀን እሱ ገና ጡረታ አልወጣም። ገና ምሰሶ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን በክርኑ ገፍቶ ይገባል፤ ኪሱ ውስጥ የረሳው የሽቦ ቁራጭ የምታጥበውን ልብስ ሁሉ ይቦጭራል፣ እሷ ትቆጣለች፣ እሱ ይስቃል። ከሥራ ሊመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የቀረው።

"እማዬ?" አለ ልጇ ከኋላዋ። እሱም ጥጉን አይቶታል። እጆቹን ግን አላነሣም።

"እሺ" አለች። ለራሷ ነው ያለችው፣ በባሏ አነጋገር። "ከዚያስ?"

ዓመቱን ቀየረች። ወሩን ቀየረች። ቀኑ ላይ ስትደርስ የዛሬዋን ቀን፣ እሱ የሌለባትን ቀን፣ በገዛ ጣቷ ጻፈች።

ኢሜይሉ ተከፈተ። ሠላሳ አንዱን እርማት የያዘውን ፋይል አያይዛ፣ ሁለቴ አይታ፣ ላከችው። ሰዉ ሁሉ ሻዩን ረስቶ ይጠብቃል። አሥራ አንድ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መልስ መጣ። ልጇ ጎንበስ ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው፤ "ደርሶናል። ገጽ አሥራ አራትንም አይተናል። እናመሰግናለን።"

"አሁን ሰው አይገድልም" አለች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፣ ኩራቱ ግን አልተደበቀም።

ከመሳቢያው ደብተር አወጣች። የቤቱ መዝገብ ነው፤ ባሏ እንደ መሥሪያ ቤቱ አስምሮ ሰባት ዓመት አስሞልቷታል። በየገጹ ያስተካከለው በሚለው ቦታ የእሷ ፊርማ፣ ያረጋገጠው በሚለው የእሱ። አዲስ መስመር ላይ ጻፈች። ብልሽት፣ ኢሜይል አይልክም። ምክንያት፣ ቀኑ ወደ ኋላ ቀርቶ። ፈረመች። ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ብዕሩን እንደያዘች ቀረች።

"ስጪኝ፣ እኔ ልፈርምልሽ" አለ ልጇ።

ደብተሩን ወደ ደረቷ ሳበችው። "ሳታይ?"

ልጅየው አፈረ። ከዚያ ተቀመጠና ለራሱ አንድ ኢሜይል ላከ፤ ስልኩ ጮኸ። ከስልኩ መልሶ ላከ፤ ደረሰ። ቀኑን አየ። ሱሪው አቧራ እየነካው ሶፋው ጀርባ ተንበርክኮ ማከፋፈያውን መረመረ፤ እትዬ ሳይጠየቁ ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉለት። ተመልሶም በቀስታ፣ አጥርቶ ፈረመ።

መሰላል ከበሩ አጠገብ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ልጇ ብዕሩን ደብተሩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ሁለቱን ባዶ መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያት። እሷም መነጽሯን አወለቀችና ፊቷን እነዚያ መዳፎች ላይ አስቀመጠች።